ጣርማ በር አካባቢ የሚገኘው ውስጡ ጥርስ ያለው ክብ ድንጋይ፦ ኳርትዝ ነው ወይስ ኦፓል? እንዴትስ ይወጣል?

ጠያቂ፦ ከገደሉ ሥር

ሰላም ለሁላችሁ። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና በሚወርደው ገደል ሥር፣ ክረምቱ ሲወጣ ጅረቶቹ ውስጥ የሎሚም የብርቱካንም ያህል ክብ ድንጋዮች ይገኛሉ። ላያቸው ግራጫና ሻካራ ነው፣ ዓይን አይስብም። ሲሰበሩ ግን ከቅርፊቱ ቀጥሎ ሰማያዊ ቢጤ ቀለበት አለ፤ ከዚያ ወደ መሃል ያነጣጠሩ፣ ብርጭቆ የመሰሉ ጥርሶች። አንዳንዶቹ ጥርስ የላቸውም፤ ወተት መስለው ድፍን ናቸው። ገበያ ላይ ሁሉንም «ኦፓል ነው» ይሉታል።

ይሄ ኳርትዝ ነው? ቤት ውስጥ በምን ይለያል? ከጅረት መልቀም ትቶ ከአለቱ ለማውጣት የቱ ጋ ነው የሚቆፈረው፣ በምን መሣሪያ? ዝገት የመሰለው ቀይ ቆሻሻስ በምን ይለቃል? እግረ መንገዳችሁን ደግሞ፣ በሌላው ዓለም ሰው ለዚህ ድንጋይ ብሎ ተራራ የሚቆፍረው ለዋጋው ነው ወይስ ሌላ ነገር አለው?

የታሰበው ለአራት ሰው፣ ቅዳሜና እሁድ የሚሠራ ነው። ማሽን የለም።

መልስ 1፦ ጥቁር ድንጋይ

ጥርስ ያለው ኳርትዝ ነው። ሰማያዊ ቢጤው ቀለበት ካልሴዶኒ ይባላል፤ ያው ኳርትዝ ነው፣ ክሪስታሎቹ ግን ከማነሳቸው የተነሳ በዓይን አይታዩም። ድፍኑ ወተት መሳይ ካልሴዶኒ፣ ተራ ኦፓል (ሲያዞሩት ቀለም የማያፈራርቅ) ወይም ዚዮላይት (ባዛልት አረፋ ውስጥ የሚሠራ ለስለስ ያለ ማዕድን) ሊሆን ይችላል። ገበያ ላይ ስለተባለ ብቻ ኦፓል አይሆንም።

ከመሣሪያው በፊት አለቱን ማወቅ ይቀድማል። የሰሜን ሸዋ ደጋ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ወዲህ ተራ በተራ በፈሰሰ የባዛልት (ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ንጣፍ የተሠራ ነው። ሌላ አገር ኳርትዝ የሚፈለገው አሮጌ አለት ውስጥ እንደ ጅማት በሚጋደም ነጭ መስመር ነው፤ እዚህ ግን ነጭ ጅማት ፍለጋ መዞር ድካም ነው። የእናንተ ክሪስታል ያለው አረፋ ውስጥ ነው። ቀልጦ የፈሰሰው ድንጋይ ሲበርድ ጋዙ ወደ ላይ ይወጣና ሳያመልጥ እላይኛው ክፍል ላይ ይታሰራል። በኋላ ከአለቱና ከእሳተ ገሞራው አመድ ሲሊካ (ኳርትዝ የሚሠራበት ንጥረ ነገር) የሟሟበት ውሃ ሲሰርግ፣ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት እንደሚጋገረው ሁሉ የአረፋውን ግድግዳ ይለብጠዋል። መጀመሪያ ካልሴዶኒው፣ ቦታ ከተረፈ ጥርሱ።

ስለዚህ ገደሉን ራቅ ብላችሁ እዩት። ደረጃ ደረጃ ነው፤ በደረጃዎቹ መካከል አልፎ አልፎ ቀይ የአፈር መስመር ይታያል። ቀዩ መስመር ከታች ያለው ንጣፍ ከፈሰሰ በኋላ፣ ሁለተኛው ሳይመጣበት የበሰበሰው ላዩ ነው። አረፋ የሚበዛው ከዚያ መስመር ሥር ባለው አንድ ሁለት ሜትር ውስጥ ነው። ከዚያ ወርዶ ምሰሶ ምሰሶ ሆኖ የተሰነጠቀው ጥቅጥቅ ያለ አካል አረፋ የለውም፤ እዚያ መዶሻ አታንሡ። ሁሉም ንጣፍ ደግሞ ሲሊካ ደርሶታል ማለት አይደለም። መጀመሪያ ሥሩ የተከመሩትን ቋጥኞች ፈትሹ፤ የተሞላ አረፋ እነሱ ላይ ካላያችሁ ወደ ላይ መውጣት ትርፉ ላብ ነው።

ወደ መለየቱ ስንመጣ፣ ቢላዋና የወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን ይበቃል።

ቢላዋ፦ ኳርትዝን ቢላ አይጭረውም፤ እሱ ግን ጠርሙስ ይጭራል። ካልሳይትን (የኖራ ድንጋይ የሚሠራበትን ማዕድን) ቢላ በቀላሉ ይጭረዋል፤ ዱቄቱ ላይ ኮምጣጤ ሲፈስ አረፋ ያወጣል። ዚዮላይትንም ቢላ ይጭረዋል፣ ግን በኮምጣጤ አይፈላም። ኦፓል ድንበር ላይ ነው፤ ጥንካሬው ኳርትዝ 7 በሆነበት የሞህስ መለኪያ ከ5.5 እስከ 6.5 ስለሆነ ጥሩ ብረት አንዳንዴ ይይዘዋል። ቢላው ግራጫ መስመር ጥሎ ከሄደ ግን ድንጋዩ ተጫረ ማለት አይደለም፣ ብረቱ ነው ያለቀው። በጣት አሽታችሁ እዩት።

ሚዛን፦ ድንጋዩን ደረቁን መዝኑ። ከዚያ ግማሽ ውሃ ያለበት ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አድርጋችሁ ዜሮ አድርጉት። ድንጋዩን በክር አንጠልጥላችሁ ሙሉ በሙሉ አጥልቁት፤ ታችም ጎንም አይንካ። የሚነበበው ቁጥር የድንጋዩ ይዘት ነው። ደረቅ ክብደቱን ለዚያ ቁጥር አካፍሉ፤ የሚመጣው ድንጋዩ ከውሃ ስንት እጥፍ እንደሚከብድ ነው። ለምሳሌ 53 ግራም ድንጋይ ውሃ ውስጥ 20 ካነበበ 2.65 ነው፤ ንጹሕ ኳርትዝ። ኦፓል ከ2.0 እስከ 2.2፣ ብዙው ዚዮላይት ከ2.1 እስከ 2.3 ይመጣል። ካልሳይት 2.71 ስለሆነ ከኳርትዝ በሚዛን አይለይም፤ እሱን በቢላ ነው።

የሚያሳስቱት ሁለት ነገሮች ናቸው። ሆዱ ባዶ የሆነ ያልተሰበረ ድንጋይ አየር ስለሚይዝ ቀሎ ይታያል፤ ስባሪ መዝኑ። ሌላው፣ ሚዛኑ በ1 ግራም የሚዘል ከሆነ ከ50 ግራም በታች ያለ ድንጋይ አትመኑ፤ ውሃ ውስጥ 10 የሚያነብ ድንጋይ ላይ የ1 ግራም ስሕተት አንድ አሥረኛ ነው።

መልስ 2፦ ሰዓት ሠሪ

የታሪኩን ጥያቄ እኔ ልውሰደው።

ብዙ ሰው ኳርትዝ የሚለውን ቃል የሚያውቀው ከሰዓት ፊት ላይ ነው። ሰዓቱ ውስጥ ያለችው ቁራጭ በሹካ ቅርጽ የተቆረጠች ናት፤ ኤሌክትሪክ ሲነካት በሰከንድ 32,768 ጊዜ ትርገበገባለች። ያ ቁጥር 15 ጊዜ ለሁለት ሲከፈል 1 ይሆናል፤ የሰከንዱ ቆጣሪ የሚሄደው በዚያ ነው። ኳርትዝ ሲጨመቅ ኤሌክትሪክ እንደሚያወጣ ያሳዩት ፒየርና ዣክ ኩሪ የተባሉት ወንድማማቾች ናቸው፣ በ1880 እ.ኤ.አ.። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለወታደር ሬዲዮ ሞገድ መቆጣጠሪያ ንጹሕ ክሪስታል ሲያስፈልግ ዋናው ምንጭ ብራዚል ነበረች፤ አሜሪካም አርካንሶ ውስጥ አስቆፍራለች። ከጦርነቱ በኋላ ግን ወፍራም የብረት ጋን ውስጥ፣ በከፍተኛ ግፊትና ሙቀት ማብቀል ተቻለ። ዛሬ ሰዓት ውስጥ ያለው ክሪስታል ከፋብሪካ ነው የሚመጣው። ስለዚህ «ለኤሌክትሮኒክስ ይፈለጋል» እያለ በኪሎ የሚደራደራችሁን ደላላ ሻይ ጋብዛችሁ ሸኙት።

ከዚያ በፊት የነበረው ሌላ ነው። ግሪኮች ክሩስታሎስ የሚሉት ቃል መጀመሪያ በረዶ ማለት ነበር፤ ድንጋዩም ለዘላለም የደረቀ በረዶ ነው ተብሎ ታምኖ ኖሯል። የዮሐንስ ራእይ ግሪክኛው ላይ ይኸው ቃል ያለበትን ቦታ የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «ብርሌ» ብሎታል። ጠጅ የሚጠጣበት ብርሌና የገደሉ ድንጋይ እኛ ዘንድ የስም ዘመዳሞች ናቸው።

በአልፕስ ተራሮች ክሪስታል ማውጣት ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ሙያ ነው። ስዊሶቹ ሽትራለር ይሏቸዋል። ገደል ላይ ነጭ የኳርትዝ ጅማት ያያሉ፤ ጅማቱ ሥር ወይም ጎን አለቱ ተሰንጥቆ ክፍት የቀረበትን ቦታ ይፈልጋሉ። ሞን ብላንን በ1786 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ከወጡት ሁለት ሰዎች አንዱ ዣክ ባልማ ክሪስታል ፈላጊ ነበር፤ ተራራ መውጣት ስፖርት ሳይሆን በፊት የእነዚህ ሰዎች የዕለት ሥራ ነበር።

ለምን ይቆፈራል ለሚለው ደግሞ፣ ከዋጋው ይልቅ ማዕዘኑ ነው የሚስበው እላለሁ። ኒኮላስ ስቴኖ በ1669 እ.ኤ.አ. ያስተዋለው ነው፦ ክሪስታሉ ቢያጥርም ቢወፍርም፣ አንዱ ፊት ቢሰፋ ሌላው ቢጠብም፣ በፊቶቹ መካከል ያለው ማዕዘን አይለወጥም። የኳርትዝ አጎራባች የጎን ፊቶች 120 ዲግሪ ይጋጠማሉ። የተማሪ ፕሮትራክተር ያዙና ለኩ። ማንም ሳይሞርደው፣ ጨለማ ውስጥ፣ ከጣርማ በር እስከ ብራዚል ያው 120። ተሞርዶ የተሠራ ብርጭቆ የሚጋለጠውም እዚህ ላይ ነው፤ በተጨማሪ የእውነተኛው የጎን ፊቶች ላይ ከክሪስታሉ ርዝመት ጋር የሚሻገሩ ቀጫጭን አግድም መስመሮች አሉ። እውነቱን ለመናገር ግን ከአረፋ የሚወጣው ኳርትዝ ብዙ ጊዜ ጫፉ ብቻ ነው የሚታየው፤ ጎኑ ከካልሴዶኒው ጋር ተጣብቆ ይቀራል። ጣት የሚያህል ምሰሶ አትጠብቁ።

መልስ 3፦ ዲጅኖ

መሣሪያ ለአራት ሰው፦ አንድ ዲጅኖ፣ አንድ ዶማ፣ አንድ አካፋ፣ ከ1.5 እስከ 2 ኪሎ የሆነ መዶሻ ሁለት፣ ጠፍጣፋና ሹል መሮ ሁለት ሁለት፣ ባልዲ፣ የቀርከሃ ወይም የወይራ ስንጥር፣ አሮጌ ጋዜጣና ጨርቅ። ለእያንዳንዱ ሰው የዓይን መከላከያ፣ የቆዳ ጓንትና የራስ ቆብ። መነጽሩን «ኋላ እገዛለሁ» የሚባልበት አይደለም፤ ከባዛልት የሚፈናጠር ስንጥር እንደ ምላጭ ነው። የመሮው ራስ ተመትቶ እንደ እንጉዳይ ሲንጠለጠል በሞረድ አስተካክሉት፤ ያ የተንጠለጠለው ብረት ነው ተፈናጥሮ የሚወጋው።

አሠራሩ። አረፋው የሚታይበትን ድንጋይ ስታገኙ አረፋውን አትምቱ። ሁሉም ሰው የሚያበላሸው እዚህ ነው። የምቱ ድንጋጤ በአለቱ ውስጥ ሄዶ የጥርሱን ጫፍ ያረግፈዋል፤ ከፍታችሁ ስታዩ ጥርሱ ታች ላይ ፍርፋሪ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ከአረፋው ዳር 15 ወይም 20 ሳንቲ ሜትር ራቁ። አለቱ በተፈጥሮው የተሰነጠቀበትን መስመር ፈልጉ፤ መሮውን እዚያ አስገብታችሁ ቀስ በቀስ በማነቃነቅ ዙሪያውን ፈልቅቁት። ድንጋዩ ከነአረፋው ብሎክ ሆኖ ይውጣ። ሥራው ቤት ነው የሚያልቀው።

ሆዱ በአፈር የተሞላ ከሆነ በብረት አትጎርጉሩ፤ በስንጥርና በውሃ። አፈሩን ቶሎ አትጣሉት። ከጣራው የወደቁ ልቅ ክሪስታሎች እሱ ውስጥ ናቸው፤ በወንፊት እጠቡት።

ክቡን ድንጋይ ለመክፈት ባልዲ አሸዋ ላይ አስቀምጡት። ወገቡ ላይ በጠፍጣፋ መሮ ቀለል ያለ ምት፣ ትንሽ ማዞር፣ እንደገና ምት። አንድ ዙር አይበቃውም፤ ሦስት አራት ዙር ያስፈልጋል። ድምፁ ከጠንካራ «ቅል» ወደ ደነዘዘ «ዶፍ» ሲለወጥ ተሰንጥቋል፤ ከዚያ በእጅ። በአንድ ከባድ ምት የሚከፈት ድንጋይ የሚከፈተው አሥር ቦታ ነው። የወጣውን እያንዳንዱን ለብቻው ጠቅልሉ፤ ኳርትዝን ኳርትዝ ይሰብረዋል።

መልስ 4፦ ቆላና ደጋ

ዲጅኖ የጻፈው ልክ ነው፣ አንድ ትልቅ ነገር ግን ዘሏል። መልስ 1 «ከቀዩ መስመር ሥር» ሲል አንባቢው የሚያደርገውን አውቃለሁ፦ ቀዩ አፈር ለስላሳ ነው፣ በዶማ ይቆፈራል፣ ስለዚህ ሰው ወደ ውስጥ ዋሻ ይገባበታል። ከራሱ በላይ ግን ምሰሶ ምሰሶ ሆኖ የተሰነጠቀ ባዛልት አለ፤ አፈሩ ነው ተሸክሞት የነበረው። ምሰሶ ሲወርድ አያስጠነቅቅም። ወሎ፣ ደላንታ ውስጥ ኦፓሉ የሚወጣው ከገደል ጎን በተቆፈረ ዋሻ ስለሆነ በመደርመስ ሰው ሞቶበታል። በእጅ መሣሪያ የሚሠራ ሰው ማንኛውም ተንጠልጣይ አለት ሥር መግባት የለበትም፤ ከላይ የወደቀውን ቋጥኝ መሥራት ይበቃል። ደግሞም የወደቀው የሚሰነጠቅበትን መስመር አስቀድሞ ከፍቶ ይጠብቃችኋል።

ወቅትም አለው። ከ3,000 ሜትር በላይ ባለው ደጋ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ስንጥቁ ውስጥ ያለውን ውሃ ያረጋዋል፤ ጠዋት ፀሐይ ሲነካው ይለቃል፣ ያኔ ድንጋይ ይወርዳል። ረፋዱ ላይ ጀምሩ። በልግ የሚዘንብበት ቦታ ከሆነ ዝናብ በጣለ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ገደል ሥር አትቁሙ። አንድ ሰው ሁልጊዜ ከሥራው ውጭ ሆኖ ወደ ላይ ይይ። ሁለት ሰው ከላይና ከታች በአንድ መስመር አይሥራ።

የመንገዱን ቆረጣ አትንኩ፤ የአዲስ አበባ ደሴ መንገድ ነው፣ ድንጋዩ የሚወርደው መኪና ላይ ነው። የእርከን ካብ ደግሞ የሚያምር ድንጋይ ቢኖርበትም አይፈታም። ማሳ ላይ ከሆነ ባለቤቱን አስፈቅዱ፣ ጉድጓዱን ድፈኑ፤ ከብት ይገባበታል።

ለመሸጥ ከታሰበ ፈቃድ ያስፈልጋል። በማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 መሠረት የባሕላዊ ማዕድን ፈቃድ ለኢትዮጵያዊ የሚሰጥ ነው፣ የሚሰጠውም ክልሉ ነው። የወረዳውን የማዕድን ጽሕፈት ቤት ጠይቃችሁ ጀምሩ።

መልስ 5፦ ኮምጣጤ

ማጽዳት። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ድንጋዩ ይበላሻል።

መጀመሪያ ውሃ፣ ፈሳሽ ሳሙናና የጥርስ ብሩሽ፤ ጭቃው ካልለቀቀ ሁለት ሦስት ቀን ዘፍዝፉት። ከዚያ ዚዮላይት ወይም ካልሳይት እንዳለበት እዩ። ካልሳይቱ እንዲቀር ከተፈለገ ወይም ዚዮላይት ካለበት እዚሁ አቁሙ፤ አሲድ ያበላሻቸዋል።

ቀይና ቢጫው የብረት ዝገት ነው። የሚያወጣው ኦክሳሊክ አሲድ ነው፤ ኬሚካል መደብር በዱቄት ይሸጣል። በ1 ሊትር ውሃ ከ30 እስከ 50 ግራም። ፕላስቲክ ባልዲ፣ ክዳን ያለው፣ ደጅ። ብረትና አሉሚኒየም ድስት አይሆንም። ውሃው የዝናብ ወይም የተጣራ ይሁን፤ ካልሲየም የበዛበት የጉድጓድ ውሃ ከአሲዱ ጋር ነጭ ዝቃጭ ይሠራና ጥርሱ ላይ ይጋገራል፣ እሱን ማስለቀቅ ከዝገቱ ይብሳል። ካልሳይት ያለበትም ድንጋይ እንዲሁ ነው፤ ካልሳይቱ ይጥፋ ከተባለ አስቀድሞ በኮምጣጤ ፈልቶ ይለቅ። ከሦስት ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ይቆያል፤ ፈሳሹ ቢጫ አረንጓዴ ከሆነ ሥራውን እየሠራ ነው። ሲያልቅ በንጹሕ ውሃ አጥባችሁ ቤኪንግ ሶዳ ባለበት ውሃ አንድ ቀን፣ ከዚያ ውሃውን እየቀያየራችሁ ድንጋዩ በአሲዱ የቆየበትን ያህል ጊዜ ዘፍዝፉት። ቸኩሎ ያወጣው ሰው ከሳምንት በኋላ ቢጫ እድፍ ተመልሶ ያገኛል፤ ስንጥቅ ውስጥ የቀረው ነው የወጣው።

ኦክሳሊክ አሲድ መርዝ ነው። እሳት ላይ አይጣድም፣ ዱቄቱ አይተነፈስም፣ የወጥ ቤት ዕቃ አይነካም። በረኪና ከአሲድ ጋር በፍጹም እንዳይገናኝ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። ፀሐይ ያሞቀውን ድንጋይ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ መጨመርም ይሰነጥቀዋል። ኦፓል የመሰለ ነገር ካላችሁ ደግሞ ይህን ሁሉ እርሱት፤ ውሃና ብሩሽ ብቻ።

ጠያቂ፦ ከገደሉ ሥር

እግዜር ይስጥልን። ሦስት ድንጋይ ተመዝኗል።

ሀ. ጥርስ ያለው ስባሪ፦ ደረቁ 138 ግራም፣ ውሃ ውስጥ 53። ቢላ አልጫረውም።
ለ. ድፍን ነጭ፦ 96 ግራም፣ ውሃ ውስጥ 44። ቢላ ጫረው፣ በኮምጣጤ አልፈላም። ስባሪው ላይ የመርፌ ነዶ የመሰለ ነገር ይታያል።
ሐ. ይሄኛው ከመንዝ በኩል የመጣ ነው፤ ቡናማ፣ ከውጭ በአመድ መሳይ ድንጋይ የተሸፈነ። 61 ግራም፣ ውሃ ውስጥ 30። ቢላ እምብዛም አይዘውም፣ ሲሰበር እንደ ጠርሙስ ነው። ቀለም አያጫውትም።

መልስ 6፦ መዘዞ

ሀ 2.60 ነው፤ ኳርትዙ ከነካልሴዶኒ ቅርፊቱ። ለ 2.18፣ ዚዮላይት፤ መርፌው በራሱ ይናገራል። አትጣሉት፣ ያልተሰበረ የመርፌ ነዶ ሰብሳቢ ይፈልገዋል፤ ግን በጣት አይነካም፣ ይረግፋል።

ሐ 2.03፣ ኦፓል ነው። መንዝ ግሼ፣ መዘዞ አካባቢ ያለው ኦፓል በ1994 እ.ኤ.አ. ግድም ነው የዓለም ገበያ ያወቀው፤ ከወገል ጤናው (ወሎ፣ ደላንታ) የ2008 እ.ኤ.አ. ግኝት በፊት የኢትዮጵያ ኦፓል ሲባል ይሄ ነበር። ቡናማ፣ ብርቱካንማና ቀይ ቡናማ ሆኖ፣ በሙቀቱ ተጣብቆ በደደረ የእሳተ ገሞራ አመድ ውስጥ እንደ ድንች ተቀብሮ ይገኛል። ኦፓልና ኳርትዝ ሁለቱም ሲሊካ ናቸው፤ ልዩነቱ ኦፓል ክሪስታል አለመሥራቱና ውሃ መያዙ ነው። ፊትና ማዕዘን ስለሌለው ፕሮትራክተሩን አስቀምጡት። ቀለም የሚጫወተው የሲሊካው ቅንጣቶች ብርሃን በሚያጥፍ መጠን ተስተካክለው ሲደረደሩ ብቻ ነው። የእናንተው አልተደረደረም፤ ተራ ኦፓል ነው።

የመንዙ ድንጋይ ስሙን ያጎደፈው መሰንጠቁ ነው። ከእርጥብ አለት ወጥቶ ፀሐይ ላይ ሲቀመጥ ላዩ ቶሎ ይደርቅና ይሰበሰባል፤ ውስጡ ገና እርጥብ ስለሆነ አይከተለውም፤ ላዩ እንደ ደረቀ ኩሬ ጭቃ ይሸነታተራል። ስለዚህ እንደወጣ ከነሽፋኑ እርጥብ ጨርቅ ውስጥ ጠቅልሉት፤ ፌስታል ውስጥ አድርጋችሁ ፌስታሉን በመርፌ ሁለት ሦስት ቦታ ብሱት። ጥላ ያለበት፣ ሙቀቱ የማይለዋወጥ ቦታ ይቀመጥ። በየሳምንቱ እዩት፣ ጨርቁ ሲደርቅ ቀዳዳ ጨምሩ እንጂ መልሳችሁ አታርሱት። ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ ሌላ ጥቂት ወር አስቀምጡት። ያን ሁሉ ቆይቶ ያልተሰነጠቀ ብቻ ነው የሚሞረደው። ዘይት ወይም ግሊሰሪን ቀብቶ ስንጥቁን የሚሸፍን አለ፤ ለሻጩ ነው የሚጠቅመው፣ ሲደርቅ ስንጥቁ ተመልሶ ይታያል።

ሽፋኑን በመዶሻ አትፈልጡ። ከአንድ ጎን የጥፍር ያህል መስኮት ክፈቱና በባትሪ መብራት ወደ ውስጥ እዩ፤ ቀለም ከሌለ እዚያው ይቁም። ሲሞረድ ውሃ በማይለየው የሞረድ ድንጋይ፣ ቀስ ባለ ፍጥነት፣ ሳይሞቅ። ለመያዣ በጋለ ሰም እንጨት ላይ መለጠፍ ለኳርትዝ ይሆናል፣ ኦፓልን ግን ሙቀቱ ይሰነጥቀዋል፤ ለእሱ ቀዝቃዛ ማጣበቂያ። ኳርትዝም ሆነ ኦፓል በደረቅ ግራይንደር አይነካም፤ የሲሊካ ብናኝ ሳንባ ውስጥ ገብቶ አይወጣም፣ ጨርቅ አፍ ላይ ማሰርም አያስቀረውም።

ሐን አሁን ከሰበራችሁት የተረፈውን ግማሽ ዛሬውኑ ጠቅልሉት፤ ስባሪው ፊት ሽፋን ስለሌለው ከሌላው ቀድሞ ይደርቃል።